የእድር ስብሰባችን ከየት መጣ? ወዴትስ ይሄዳል?

በየዓመቱ በዚህች መጽሔታችን ላይ አንዳንዶቻችን ስለ ጤና፣ አንዳንዶቻችን ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ሌሎቻችንም ስለ ከተማችን ስለ ጅማ የድሮ ወግ ስንጽፍ ቆይተናል። ዘንድሮ ግን ብዙ ሰው «ይህ ደግሞ ምን ይጻፍበታል!» ሊለው ስለሚችል ነገር፣ ይኸውም ስለ ስብሰባ ልናወጋ ተነሥተናል። በትዕግሥት እንድታነቡልን እንለምናለን።

ለዚህ ያነሣሣን ምክንያት አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር አንዲት የሰፈራችን እናት ዐረፉ። ኑሯቸው በጉሊት ነበር፤ በቡና ለቀማ ወራት ደግሞ ወደ አጋሮ በኩል ወጥተው እየለቀሙ ለዓመት የሚሆናቸውን ይዘው ይመለሱ ነበር። ከግንቦት ጀምሮ የወር መዋጯቸውን አልከፈሉም። ደንባችንም «ሦስት ወር በተከታታይ ያልከፈለ አባል የእድሩን አገልግሎት ያጣል» ይላል። ይህ አንቀጽ እንዲሻሻል ሐሳብ ቀርቦ የነበረው በዚያው ዓመት በሚያዝያ በተጠራው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ነው። ጉባኤው ግን ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ በአምስት ሰዓት ተጀመረ። በወንበርና በሰሃን ኪራይ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። ከዚያ ዝናብ መጣ፤ «ለሚቀጥለው ይደር» ተባለና ተበተንን። የሚቀጥለውም በሰኔ ተጠርቶ ምልዓተ ጉባኤው ሳይሞላ ቀረ። እናም እኚያ እናት ያረፉ ዕለት ድንኳናችን በመጋዘን ውስጥ እንደ ተጠቀለለ ዋለ። ኮሚቴው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ደንቡን የመተላለፍ ሥልጣን አልነበረውም። ጎረቤት ከቤት ወደ ቤት አዋጥቶ ቀበራቸው። ከቀብር ስንመለስ አንድ አዛውንት «እኚህን ሴት ያዋረድናቸው በክፋት አይደለም፤ በስብሰባ ነው» አሉ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልጠፋም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ይህ የምንሰበሰብበት ልማድ ከየት እንደ መጣ ከሥሩ ብናየው የተበላሸው የቱ ላይ እንደሆነ ይገለጥልን ይሆናል።

በጅማና በአካባቢዋ ሰው ተቀምጦ መምከር የጀመረው እድር ከመኖሩ በፊት ነው። የታሪክ ምሁሩ መሐመድ ሐሰን እንደ ጻፉት፣ ለጊቤ ኦሮሞዎች የገዳ ጉባኤ መቀመጫ የነበረው ኦዳ ሁሌ ነው። በዚያ ዓይነት ጨፌ ላይ ሰው ከዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል፤ ነገር በምርቃት ይከፈታል፤ ሽማግሌዎች በተራ ይናገራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ የሚያስማማው ሐሳብ እስኪገኝም ይመከራል። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ስሙ የተነሣው በአንድ በኩል ይህ የምክክር ባሕሉ ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም ሊሙ ኤናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ የየራሳቸውን ንጉሥ ሲያነግሡ የጨፌው ጉልበት እየቀነሰ ሄደ። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932) የጅማን ኑሮ ያጠኑት አሜሪካዊው ኸርበርት ሉዊስ እንደሚሉት፣ አገሩ በስድሳ ያህል ቆሮ ተከፍሎ በየአባ ቆሮው ይተዳደር ነበር። ትእዛዝ ከጅሬን ይወርዳል፤ ሕዝቡ ይሰማል። ቢሆንም በመንደር ደረጃ ምክክሩ አልጠፋም። ቤት ሲሠራ፣ እርሻ ሲታረስ ደቦ ይጠራል፤ ሰው ሲሞት ጎረቤት እርስ በርስ ይጠራራል፤ ጠብ ሲነሣ የአገር ሽማግሌ ይቀመጣል። ከሰሜን ለመጣውም ሰው ነገሩ እንግዳ አልነበረም፤ እርሱም የሽማግሌ ሸንጎን፣ በተራ የሚባባሉበትን በላ ልበልሃ የሙግት ሥርዓት ያውቅ ነበር። ጉራጌውም የሰባት ቤቱን የጆካን ሸንጎ ይዞ መጥቷል። እንግዲህ እድር በኋላ የተሠራው በእነዚህ ሁሉ ልማዶች ላይ ነው ብንል አንሳሳትም።

የእድር አነሳስ ብዙዎች እንደሚስማሙበት የከተማ ነገር ነው። ሰው ከዘመዱ ርቆ ወደ ከተማ ሲገባ የመጀመሪያው ጭንቀቱ «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚል ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የታየው ይህ መረዳዳት ከጠላት ወረራ ወዲህ በየከተማው ተስፋፋ። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ ባወጡት ጽሑፍ ስለ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበራት ሲያትቱ እድርን ከእቁብና ከሌሎች ማኅበሮች ጋር አንሥተውታል።

ጅማ ለእድር የተመቸች ከተማ ነበረች። ዛሬ የምንኖርባት ከተማ ያደገችው በሂርማታ ገበያ ዙሪያ ነው፤ የሐሙሱ ገበያ ከየአቅጣጫው ነጋዴ ይጠራ ነበር። ጣሊያንም ከተማይቱን ለደቡብ ምዕራቡ ግዛቱ መቀመጫ አድርጎ መንገድና ቤት ሠርቶባታል። ከነጻነት በኋላ የቡና ዋጋ ሲነሣ ከወሎም፣ ከሸዋም፣ ከዳውሮም፣ ከከፋም፣ ከየምም፣ ከጉራጌም ሰው ወደ ጅማ፣ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ሰቃ፣ ወደ ሸቤ ጎረፈ። በአንድ ሰፈር ውስጥ እስላሙና ክርስቲያኑ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪውና አማርኛ ተናጋሪው፣ ነጋዴውና ደመወዝተኛው አጥር ለአጥር ተጎራበተ። ለእነዚህ ሁሉ የጋራ ዘመድ ሆኖ የተገኘው እድር ነው።

ስብሰባውም እንደ አባላቱ የተቀላቀለ ነበር። ቀኑ ብዙውን ጊዜ እሑድ ነው፤ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ሆኖ ዓርብ ለጁምዓ የሚሄደውንም የማያውክ ስለሆነ። ጡሩምባ ነፊው በዋዜማው ማታ ይለፍፋል። ሲሰበሰቡ ሼኹም ቄሱም ይመርቃሉ። ዳኛው ይቀመጣል፤ ጸሐፊው ስም ይጠራል፤ የቀረ ቅጣቱን ይከፍላል። ወሬ የሚያበዛ ሰው ካለ ከወዲያ በኩል «ሥነ ሥርዓት!» ይባልበታል። ወጣቶች እንዳትስቁ፤ ይህች አንዲት ቃል የስንቱን ጠብ አብርዳለች።

ከዚያ የጽሕፈት ነገር መጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ ቁጥር 404 ጀምሮ ትርፍ ለመከፋፈል ያልተቋቋሙ ማኅበሮችን ጉዳይ ደነገገ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ የማኅበሮች መመዝገቢያ ደንብ ወጣ። በየእድሩም የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ፣ ሊቀመንበር፣ ሒሳብ ተቆጣጣሪ፣ ቃለ ጉባኤ የሚባሉት ነገሮች እየተለመዱ ሄዱ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ስቴፋን ደርኮንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 የኢትዮጵያ ገጠርንና የታንዛንያን የቀብር ማኅበራት አነጻጽረው ባሳተሙት ጥናት ላይ፣ የኛ አገር እድሮች በተጻፈ ደንብና በአባላት መዝገብ የሚሠሩ መሆናቸውን አሳይተዋል።

ሆኖም ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ደንቡን የሚጽፈው ፊደል የቆጠረው ሰው ነው። እርሱም አብዛኛውን ጊዜ መምህር፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ወይም የጤና ረዳት ነበር፤ ገንዘብ የሚያገኘውም በወር በወሩ ነው። ስለዚህ ደንቡን በወር ልክ ሰፋው። የቡና አገር ሰው ግን በወር አያገኝም። በጅማ አካባቢ ቡና የሚለቀመው በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ኪስ ይሞላል። ግንቦት ካለፈ በኋላ ግን እስከ አዲሱ ፍሬ ድረስ እጅ ባዶ ነው። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ መዋጮ የሚጎድልበት ሰው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እንግዲህ «ሦስት ወር በተከታታይ» የምትለው አንቀጽ በክረምት ወጥመድ ትሆናለች ማለት ነው። ይህን ማስረዳት የሚችለው ደግሞ ራሱ ቡና ለቃሚው ነው፤ እርሱ ግን በስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጦ ዝም ይላል። የስብሰባ ነገር የሞትና የሕይወት ነገር ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

ከየካቲት 1966 ዓ.ም. በኋላ የስብሰባ ዘመን መጣ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲታወጁ የገበሬ ማኅበርና ቀበሌ ተቋቋሙ። ዕድሜያችሁ የደረሰ አባላት ታስታውሳላችሁ፤ የቀበሌ ስብሰባ፣ የሴቶች ስብሰባ፣ የወጣቶች ስብሰባ፣ የውይይት ክበብ ነበር። በጎ ነገር አልነበረውም አንልም፤ ሴቶች በአደባባይ ቆመው መናገር የለመዱበት፣ ብዙ ሰውም በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረበት ጊዜ ነው። ነገር ግን ውሳኔው ከላይ ተወስኖ ይመጣል፤ ከተሰብሳቢው የሚጠበቀው ጭብጨባ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ክፉ ልማድ ተማርን። አንደኛው፣ ስብሰባ ላይ መገኘት ማለት መቀመጥ ማለት ነው ብሎ ማሰብ፤ ሁለተኛው፣ የልብን በስብሰባ ውስጥ ደብቆ ከስብሰባው በኋላ በመንገድ ላይ መናገር ነው። እድር በዚያ ዘመን የቀብር ሥራውን ይዞ ቆየ። ያ ሁሉ ስብሰባ ሲቀር እርሱ አልቀረም፤ የጭብጨባውና የዝምታው ልማድ ግን ወደኛም ግቢ ገብቶ ሳይወጣ ቀረ።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ ይኸውም ሽርክና ነው። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በከተማችን እ.ኤ.አ. በ1983 ተቋቁሞ በ1992 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ትምህርቱ በኅብረተሰብ ላይ የተመሠረተ ነው ስለተባለ ተማሪዎች ወደየሰፈሩ ይወጣሉ። በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመንም በየከተማው እድሮች ከቀብር አልፈው በሽተኛ እንዲጠይቁ፣ ወላጅ አልባ ልጆችን እንዲያዩ ተጠየቁ። ብዙዎቹም እሺ ብለው ሠሩ፤ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከውጭ የሚመጣ ሸሪክ አጀንዳውን በቦርሳው ይዞ ይመጣል። ቅጹም፣ ቀኑም፣ ጥያቄውም የርሱ ነው። «አባላት ተስማምተዋል» የሚል ቃለ ጉባኤ ላይ ከፈረምን በኋላ «ለመሆኑ የተስማማነው በምንድን ነው?» ብለን ቤታችን የተጠያየቅንበት ጊዜ አለ። ጥፋቱ የእንግዳው ብቻ አይደለም። እንግዳውን ከመጋበዛችን በፊት እኛው ለብቻችን ተቀምጠን ምን እንደምንፈልግ ብንመክር ኖሮ ያ ባልሆነ ነበር።

ከጎረቤቶቻችን ከቡና ገበሬዎች የምንማረው አለ። የኦሮሚያ የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1991 ዓ.ም. በ34 ማኅበራት ተቋቋመ። በጎማ ወረዳ ደግሞ ዱሮሚና የተባለው የቡና ገበሬዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ተቋቁሞ፣ ሁለት ዓመት ሳይቆይ በ2012 ቡናው በአፍሪቃ የቡና ውድድር አንደኛ ተባለ። ቡናው ጣፋጭ የሆነው በስብሰባ ነው አንልም፤ የአካባቢው ቡና ጥንትም ቡና ነበር። ነገር ግን የማጠቢያ ጣቢያ ለማቆም ገንዘብ መበደር፣ ብድሩን መክፈል፣ ትርፉን ለመጪው ዓመት ማስቀመጥ ወይም መከፋፈል፣ ይህ ሁሉ አባላት ተሰብስበው የሚወስኑት ነገር ነው። ሒሳቡን ያላየ ገበሬ ቀይ ፍሬውን ለማኅበሩ አያመጣም፤ በመንገድ ላይ ለነጋዴ ይሸጠዋል። ስብሰባ የከሸፈበት ማኅበር ቡናም ያጣል ማለት ነው።

በውጭው ዓለምም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ ጥቂት ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች የኅብረት ሱቅ ሲከፍቱ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ የሚለውን ደንብ አጸኑ። በአሜሪካም ሄንሪ ሮበርት የሚባል የጦር መሐንዲስ አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ምራ ተብሎ እንዴት እንደሚመራ ጠፍቶት አፈረ። ከዚያ በኋላ ስለ ስብሰባ ሥርዓት ሳላውቅ ደግሞ አልሰበሰብም ብሎ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1876 የስብሰባ ደንብ መጽሐፍ አሳተመ፤ ይህም መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ታዲያ እኛ ብንቸገር ምን ይገርማል? መሐንዲሱም ተቸግሮ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ለቅሶ እንኳ ከሩቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መዋጮ በባንክና በስልክ መክፈል እየተለመደ መጣ። ነገሩ ምቹ ነው፤ አንቃወምም። ነገር ግን ድሮ ሰው በየወሩ የሚመጣው ለመክፈል ነበር፤ ሊከፍል መጥቶ ይሰማል፤ ሰምቶም ይናገራል። አሁን ገንዘቡ ይመጣል፤ ሰውየው አይመጣም። ያልመጣ ሰው ደግሞ ያልመከረበትን ውሳኔ አያከብርም።

አንድ ነገር ጨምረን ወደ መደምደሚያችን እንሄዳለን። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅም፣ እርሱን ተክቶ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅም እድርና እቁብን ከሽፋናቸው ውጭ አድርገዋል። ይህ ነጻነት ነው፤ ደስ ይላል። ትርጉሙ ግን በእነዚህ አዋጆች የተቋቋመው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሒሳባችንን አይመረምርም፤ ደንባችሁ ፍርደ ገምድል ነው ብሎ አይቆጣንም ማለት ነው። ታዲያ ማን ይቆጣናል? ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ከርሱ በላይ ተቆጣጣሪ የለንም። እርሱ ከታመመ እድሩ ታመመ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ምን እንውሰድ? በበኩላችን የሚከተለውን እናቀርባለን።

አጀንዳው ከስብሰባው አንድ ሳምንት በፊት ይነገር፤ በመጋዘኑ በር ላይም ይለጠፍ። ሰው የሚመከርበትን ሳያውቅ ቢመጣ ቁጣውን ብቻ ይዞ ይመጣል። ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ መጀመሪያ ይቅረብ እንጂ ወንበርና ሰሃን አይቅደም። ሰዓቱ ይከበር፤ በሰዓቱ የመጣን ሰው ማስጠበቅ ሰዓት አክባሪውን መቅጣት ነውና። ሊቀመንበሩ ይምራ እንጂ አይከራከር፤ የራሱን ሐሳብ መናገር ከፈለገ ወንበሩን ለምክትሉ ይልቀቅ። አንድ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ከመናገሩ በፊት ገና ያልተናገሩት ይጠየቁ። በኦሮምኛ የተባለው በአማርኛ፣ በአማርኛ የተባለውም በኦሮምኛ ይደገም፤ ጊዜ ይፈጃል ለሚለን ሰው፣ ያልገባውን ሰው በኋላ ማስረዳት ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈጃል እንላለን። ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች የቤታቸው ሙሉ አባል ናቸውና ለንፍሮ ብቻ ሳይሆን ለድምፅም ይጠሩ። በመጨረሻም ጸሐፊው የተወሰነውን ሳንበተን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ምን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚሠራው፣ እስከ መቼ እንደሆነ። «ለሚቀጥለው ይደር» የሚባል ነገር ካለም ቀኑ እዚያው ይቆረጥ።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። በተራ መናገር ከጨፌውና ከሸንጎው፣ መጻፍ ከ1950ዎቹ፣ የሴቶች መናገር ከቀበሌው ዘመን፣ ሒሳብን በግልጽ ማሳየት ከቡና ማኅበራት የተወረሰ ነው። እኛ የምናደርገው የነበረንን መሰብሰብ ነው።

ውድ አባላት፤ በዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ አንደኛው አጀንዳ ያው የ«ሦስት ወር» አንቀጽ ነው። የቀረበው ሐሳብ፣ የክረምት ውዝፍ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ድረስ እንዲከፈል፣ እስከዚያም ድረስ አባሉ ሙሉ አገልግሎት እንዲያገኝ የሚል ነው። የሚቃወም ይኖራል፤ ምክንያትም አለው፤ ውዝፍ ከበዛ ድንኳን በምን ይጠገናል? ሣጥን በምን ይገዛል? ይህን የሚሉ አባላት ይምጡና ይናገሩ። የቡና ለቃሚዎቹም ቤተሰቦች ይምጡና ይናገሩ። በድምፅ ብልጫ ወደየትም ቢወሰን ሁላችን የመከርንበት ይሁን እንጂ ዝናብ የወሰነልን አይሁን።

ነሐሴ ይመጣል። ጡሩምባው ለማን እንደሚነፋ የሚያውቅ የለም። ድንኳኑ ግን እንዲወጣ ወይም እንዳይወጣ የሚወሰነው በዚያች እሑድ ነው። በሦስት ሰዓት እንገናኝ።